የቴሌቪዥን ማስታወቂያና የልጆቻችን ምግብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ውስጥ ወላጆች ትምህርት ቤት በር ላይ፣ ሱቅ ውስጥና ቡና ላይ ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ እንጀምራለን።

ለልጆች የተሠራ የምግብ ማስታወቂያ የሚባለው የትኛው ነው?

በካርቱን መሀል የሚገባው ብቻ አይደለም። ልጆች የሚዘፍኑበት፣ ብስኩቱ እጅና እግር አውጥቶ የሚጨፍርበት፣ «እሽጉ ውስጥ ስቲከር አለ» የሚባልበት ሁሉ ለልጅ የተሠራ ነው። ቦርሳ ያዘለ ተማሪ ከሱቅ ወጥቶ ቺፕስ ሲቀድና ጓደኞቹ ሲከቡት የሚያሳየውም እንደዚያው። ሰዓቱ የዜና ሰዓት ቢሆንም ለውጥ የለውም፤ ልጁ ሶፋው ላይ ከእናንተ ጋር ተቀምጧል።

ሌላም ዓይነት አለ። ልጁን ትቶ ወላጁን የሚያናግር። «ልጅዎ በትምህርቱ እንዲበረታ»፣ «አጥንቱ እንዲጠነክር» እያለ ይጀምራል። በእኔ እይታ ይሄኛው ይብሳል። ልጅ ሲጠይቅ እምቢ ማለት ይቻላል፤ «ለልጄ አንሼበት ይሆን?» የሚል የራስ ሐሳብ ግን ቶሎ አይለቅም።

ልጄ ገና አራት ዓመቷ ነው። ማስታወቂያ መሆኑ ይገባታል?

አይገባትም። ከአራት አምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ማስታወቂያውንና ፕሮግራሙን በደንብ አይለዩም። አንዱ ካርቱን አልቆ ሌላ አጭር ካርቱን የጀመረ ይመስላቸዋል። ከፍ ሲሉ ልዩነቱን ያውቃሉ፤ ግን «ይህ ሰው ሊሸጥልኝ ነው እንዲህ የሚለኝ» የሚለው ሐሳብ እስከ ሰባትና ስምንት ዓመት ድረስ አይመጣላቸውም። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ያቋቋመው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2004 ይህንኑ መነሻ አድርጎ ስምንት ዓመትና ከዚያ በታች ለሆኑ ልጆች የሚሠራ ማስታወቂያ እንዲገደብ ጠይቆ ነበር።

ትልልቆቹም ቢሆኑ አያመልጡም። የ12 ዓመት ልጅ «ይሄማ ማስታወቂያ ነው» ብሎ ያሾፋል፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ግን ያንኑ ይገዛል። እኛስ?

ልጅ ድሮም ጣፋጭ ይወዳል። ማስታወቂያው ምን ጨመረ?

ልጅ ጣፋጭ ወዶ መወለዱ እውነት ነው። ይህን ማስታወቂያ አላመጣውም። ማስታወቂያ የሚያመጣው ስም ነው፣ ጊዜ ነው፣ ሰበብ ነው። ሸንኮራ የሚወድ ልጅ ሸንኮራ ካለ ይበላል፣ ከሌለ ይረሳዋል። በቴሌቪዥን ስሙን የሸመደደውን ብስኩት ግን በስሙ ይጠራዋል፤ ከሱቁ መደርደሪያ ላይም በቀለሙ ይለየዋል።

ስለዚህ ጉዳይ የተሠሩ ሙከራዎች ብዙ ናቸው። የምወደው የቆየውን ነው። በካናዳዋ ኩቤክ በአንድ የበጋ ካምፕ ከ5 እስከ 8 ዓመት ያሉ ልጆችን በቡድን ከፍለው ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ቴሌቪዥን አሳዩአቸው። አንዱ ቡድን የከረሜላ ማስታወቂያ ያያል፤ ሌላው የፍራፍሬ፤ ሌላው ምንም። ከዚያ ከረሜላም ፍራፍሬም አቅርበው «ምረጡ» አሏቸው። የከረሜላ ማስታወቂያ ያዩት ከሁሉም በላይ ከረሜላ መረጡ። እ.ኤ.አ. በ1982 የታተመ ጥናት ነው። በ2009 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ከ7 እስከ 11 ዓመት ያሉ ልጆች ብስኩት ቀርቦላቸው ካርቱን አዩ። በካርቱኑ መሀል የምግብ ማስታወቂያ የገባባቸው፣ ሌላ ዓይነት ማስታወቂያ ካዩት በ45 በመቶ የበለጠ በሉ። ልብ በሉ፤ የበሉት ብስኩት ማስታወቂያው ውስጥ የነበረው አይደለም። ማስታወቂያው በጥቅሉ እጃቸውን ወደ ሳህኑ ላከው።

የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2006 ያለውን ማስረጃ ሁሉ ሰብስቦ ሲመረምር የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ልጆች የሚወዱትን፣ ወላጅን የሚጠይቁትንና ለአጭር ጊዜ የሚበሉትን እንደሚቀይር ደመደመ። ከሦስቱ ለእኛ ቤት ዋናው መካከለኛው ይመስለኛል። የስድስት ዓመት ልጅ ኪስ ውስጥ ብር የለም። መንገዱ በጉትጎታ በኩል ነው፤ ማስታወቂያ ሠሪውም ይህን አሳምሮ ያውቃል።

ያው ብስኩት ሆኖ «የዚያኛው ካልሆነ አልበላም» ይላል። ጣዕሙ ይለያያል እንዴ?

ለእሱ ይለያያል። ከ3 እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች አንድ ዓይነት ምግብ በሁለት ወረቀት ጠቅልለው ያቀመሱበት የአሜሪካ ጥናት አለ። አንዱ ወረቀት ባዶ ነው፤ ሌላው የማክዶናልድ ምልክት አለበት። ልጆቹ ምልክት ያለበት ይጣፍጣል አሉ። ካሮትና ወተት እንኳ ሳይቀር! ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ወጣ፤ ቤታቸው ብዙ ቴሌቪዥን ባላቸው ልጆች ላይ ደግሞ ነገሩ በርትቶ ታይቷል።

ስለዚህ ልጃችሁ እየዋሸ አይደለም። ይህን ማወቅ ለክርክሩ ይጠቅማል። «ያው ነው እኮ!» ብሎ መጮህ ዋጋ የለውም።

የአማርኛ የልጆች ፕሮግራም ራሱ ጥቂት ነው። ታዲያ ይህን ሁሉ ከየት ያዩታል?

መጀመሪያ ከዲሹ። ባሕር ዳር ውስጥ ጣሪያውን ቀና ብላችሁ እዩ። ከአንድ ሪሲቨር የአገር ውስጡም የአረቡም ይመጣል። እንደ ኤምቢሲ 3 ያሉ የአረብኛ የልጆች ጣቢያዎች ቋንቋው ባይገባም ይታያሉ። ካርቱን አስተርጓሚ አይፈልግም፤ የቸኮሌት ማስታወቂያም እንደዚያው።

ሁለተኛ፣ ልጆቻችን ከልጆች ፕሮግራም ይልቅ የአዋቂውን ነው የሚያዩት። የማታ ድራማ፣ የእሑድ መዝናኛ፣ ኳስ። በዓል ሲደርስ ደግሞ ቴሌቪዥኑ ከጠዋት እስከ ማታ አይዘጋም፤ በየዝግጅቱ መሀል ዘይት፣ ለስላሳ፣ ብስኩት፣ ፓስታ ይፈራረቃል። «የልጆች ሰዓት» ብሎ ለይቶ መጠበቅ እኛ አገር ብዙም አይሠራም።

ከዚያ ወደ ውጭ ስትወጡ ማስታወቂያው ይከተላችኋል። የሱቁ ግድግዳ በለስላሳ ቀለም ተቀብቷል። ሐይቅ ዳር ያለው ካፌ ጃንጥላው ላይ ያው ስም ነው፤ ፍሪጁም ላይ። ቴሌቪዥኑ ያስተማረውን ሰፈሩ ያስጠናዋል።

አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ለልጅ ብዙ ነው?

እናስላው። የተለመደው ኮላ በ100 ሚሊ ሊትር 10.6 ግራም ያህል ስኳር አለው። የ300 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ 32 ግራም ገደማ ይሆናል፤ ስምንት የሻይ ማንኪያ። ግማሽ ሊትሩ ፕላስቲክ 13 ማንኪያ ይደርሳል። ለልጃችሁ ሻይ ላይ ስምንት ማንኪያ ስኳር ስትጨምሩ ማንም ቢያይ እጃችሁን ይይዛችኋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ የተጨመረ ስኳር ከቀኑ ጉልበት ከ10 በመቶ በታች ይሁን ይላል፤ ከ5 በመቶ በታች ቢወርድ ደግሞ ይመረጣል። በቀን 1,500 ኪሎ ካሎሪ ለሚበቃት ትንሽ ልጅ የመጀመሪያው ጣሪያ 37 ግራም ገደማ ነው፤ ሁለተኛው 19። አንድ ጠርሙስ የመጀመሪያውን ሊሞላው ትንሽ ይቀረዋል። ጠዋት የጠጣችው ሻይና የበላችው ብስኩት ገና አልተቆጠረም።

የታሸገ ጁስስ?

በብዙው ያው ነው። «የማንጎ መጠጥ» ከተባለ አብዛኛው ውኃና ስኳር ነው። መቶ በመቶ ጁስ ነው የሚባለውም ቢሆን ስኳሩ በዚያው መመሪያ ከተጨመረ ስኳር ጋር ይቆጠራል። ፍሬውን መብላት ይሻላል። ጁስ ቤት ከገባችሁ ደግሞ «ያለ ስኳር» በሉ፤ ካላላችሁ ይጨምሩበታል።

ምሳ ዕቃ ውስጥ ኢንዶሚ ብቋጥር ምን ችግር አለው?

ለጊዜ ላጣች እናት የሚመጣውን ፍርድ አልወድም። በአምስት ደቂቃ የሚደርስ፣ ልጅ የሚጨርሰው ምግብ ሌላ የት ይገኛል? (ኢንዶሚ ስል፣ ስሙ የአንዱ ቢሆንም፣ ሁላችንም እንደምንጠራው ፈጣን ኑድሉን ሁሉ ነው።) ችግሩ ሁለት ነው። አንዱ ጨው ነው። ጨዉ ያለው በአብዛኛው በትንሿ የቅመም ከረጢት ውስጥ ነው። እሽጉ ላይ ሶዲየም የሚለውን ፈልጉና በ2.5 አባዙት። 800 ሚሊ ግራም ካለ 2 ግራም ጨው ነው። ለአዋቂ የተመከረው የቀን ጣሪያ 5 ግራም ነው፤ ለልጅ ከዚያ ያንሳል።

ሁለተኛው ብቻውን መሆኑ ነው። ዱቄትና ዘይት ነው፤ ጥጋብ ይሰጣል፣ ሌላ ብዙም የለውም። እንግዲያው ቅመሙን ግማሹን ጣሉ። እንቁላል ምቱበት። ካሮት ወይም ጎመን ከትፋችሁ ጨምሩበት። በሳምንት አንዴ ከሆነ እንቅልፍ የሚነሳ ነገር አይደለም። በየቀኑ ከሆነ ግን ልጁ አንድ ጣዕም ብቻ እየለመደ ነው።

«በቫይታሚንና በማዕድናት የበለፀገ» የሚለውን ልመነው?

ውሸት ላይሆን ይችላል። ግን ጥያቄው ቫይታሚን አለው ወይ አይደለም፤ ከምን ጋር ነው የመጣው ነው። የንጥረ ነገሮቹን ዝርዝር አንብቡ። በዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ መሠረት ዝርዝሩ የሚጻፈው ከብዛቱ ጀምሮ ወደ ትንሹ ነው። ስኳር ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ላይ ከተቀመጠ፣ እሽጉ ፊት ላይ ያለችው የወተት ብርጭቆ ሥዕል ምንም አትቀይረውም። አንዳንዴ ስኳሩ ግሉኮስ ሽሮፕ፣ ፍሩክቶስ በሚሉ ስሞች ተበታትኖ ይጻፋል። ደምሩት።

ለንጽጽር፦ ገበያ ላይ በርካሽ የሚገኘው የዘይቱን ፍሬ (ጓቫ) በእኩል ክብደት ከብርቱካን አራት እጥፍ ገደማ ቫይታሚን ሲ አለው። ቴሌቪዥን ላይ ግን ማን አስተዋውቆለት ያውቃል?

የእኛ ችግር መቀንጨር ነው። የውፍረት ወሬ የፈረንጅ አይደለም?

ይህ ጥያቄ በጣም ይነሳል፤ ግማሹም ትክክል ነው። በ2011 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 37 በመቶው የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቷል። በአማራ ክልል ቁጥሩ 41 በመቶ ነበር። ማንጎ፣ ዓሣ፣ ወተትና ጤፍ ባለበት ምድር! መቀንጨርን ለማጥፋት መንግሥት የገባው የሰቆጣ ቃል ኪዳን በ2007 ዓ.ም. የታወጀው፣ ስሙንም ከዚሁ ክልል ከተማ የወሰደው ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁን ሌላውን ግማሽ እንይ። የትንሽ ልጅ ሆድ ትንሽ ነው። ከምሳ በፊት አንድ እሽግ ብስኩትና ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ የገባለት ልጅ ምስሩን ገፍቶ ይነሳል። ጉልበት አግኝቷል፤ ፕሮቲን፣ ብረት፣ ዚንክ አላገኘም። ከመጠን በላይ በሚበሉ አገሮች ማስታወቂያው የሚያመጣው ጣጣ በምግብ ላይ ምግብ መጨመሩ ነው። እዚህ ደግሞ ጥቂቷን ጥሩ ምግብ ከቦታዋ ያስነሳታል። ያው ጥናት ከ6 እስከ 23 ወር ካሉ ሕፃናት ከስምንቱ የምግብ ምድቦች ቢያንስ አምስቱን ያገኙት 14 በመቶ ያህሉ ብቻ መሆናቸውን ይናገራል። ለእነዚህ ልጆች እያንዳንዷ ጉርሻ ዋጋ አላት።

የብሩን ነገርም አትርሱ። ለቺፕስ የወጣው ብር ለእንቁላል የታሰበው ሊሆን ይችላል። ውፍረቱም ቢሆን ከከተማ ልጆች ሩቅ አይደለም፤ የጥርስ መበስበስ ደግሞ ቀጭን ወፍራም አይልም።

በጾም ወቅትስ ምን ይሻላል?

ጾም ሲገባ አንድ ነገር አስተውሉ። ወተትና እንቁላል ከልጁ ሳህን ይነሳሉ፤ ቺፕስ፣ ለስላሳና «የጾም» የተባለ ብስኩት ግን ይቀራሉ። የሚጾም ልጅ ጠግቦ እንዲውል ብለን እኛው እንገዛለታለን። ማስታወቂያውም «የጾም ነው» የሚለውን ቃል ጮክ አድርጎ ያነባል። የጾም መሆኑ ስለ ሥጋና ወተት እንጂ ስለ ስኳርና ጨው ምንም አይናገርም።

የጾም ምግባችን እኮ ራሱ ሀብታም ነው። ሽሮ፣ ምስር ክክ፣ የሽምብራ ንፍሮ፣ ተልባ፣ ለውዝ፣ ሱፍ፣ ጎመን። በበሶ ላይ ሙዝ ከትፎ የሰጠ ሰው ብስኩቱን አይፈልገውም። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች እተወዋለሁ፤ እዚህ ሐይቅ ዳር ተጀምሮ ሲያልቅ አይቼ አላውቅም።

ሱቅ በር ላይ መሬት ላይ ተንከባሎ ያለቅሳል። ምን ላድርግ?

ሥራው ከሱቁ በፊት ነው። ከቤት ስትወጡ «ዛሬ ሳሙናና ዳቦ ነው የምንገዛው» በሉት። ሱቅ ደርሶ ከጠየቀ አንድ ጊዜ፣ በአጭሩ፣ ሳትቆጡ «ዛሬ አይደለም» በሉ። ከዚያ ዝም። ትልቁ ስህተት አራት ጊዜ እምቢ ብሎ በአምስተኛው መግዛት ነው። ልጁ ከዚያ የሚማረው አምስት ጊዜ መጠየቅ እንዳለበት ነው። ሰው እያየኝ ነው ብላችሁ አትፍሩ፤ ከሚያዩአችሁ መሀል ልጅ ያላቸው ሁሉ ያውቁታል።

ጨርሶ መከልከልንም አልመክርም። ቀን ቁረጡለት፤ ለምሳሌ ቅዳሜ። የተቆረጠ ቀን ካለ በሌላው ቀን የምትሉት «አይ» ቀላል ይሆናል። ብስኩቱን ሽልማት አታድርጉት ግን። «ጎመኑን ከጨረስክ ለስላሳ» ሲባል ልጁ የሚሰማው ጎመን ቅጣት መሆኑን ነው።

ቴሌቪዥኑን ዘግቼ ስልክ ብሰጠውስ?

ከድጡ ወደ ማጡ። ቴሌቪዥን ላይ ማስታወቂያው ቢያንስ መጀመሪያና መጨረሻ አለው። ዩቲዩብ ላይ ግን አንድ ልጅ ቸኮሌት እየፈታ፣ እየቀመሰ፣ እየሳቀ አሥር ደቂቃ ይቆያል። ማስታወቂያ ይሁን ጨዋታ እኛም አንለየውም። ደግሞ ስልኩ ለእያንዳንዱ ልጅ የሚመርጥለት ይለያያል፤ አጠገቡ ካልተቀመጣችሁ ምን እንዳየ አታውቁም።

ከሁሉ የሚቀለው በምግብ ሰዓት ሁሉንም መዝጋት ነው። ዓይኑ ስክሪን ላይ የሆነ ልጅ መጥገቡን አያውቅም። ለሰዓቱ ደግሞ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ለአንድ ዓመት ልጅ ጨርሶ እንዳይሆን መክሯል። አብራችሁ ስታዩ «ይሄ ምን እንድንገዛለት ፈልጎ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ደስ የሚል ጨዋታ ነው። ብቻውን ብዙ ይከላከላል ብዬ ግን አልዋሻችሁም።

ማስታወቂያ የሌለውን ምግብ እንዴት ላስወድደው?

በማስታወቂያው ዘዴ። ዘዴው መደጋገም ነው። ልጅ አዲስ ምግብ እስኪለምድ ከስምንት እስከ አሥር ጊዜ፣ አንዳንዴም በላይ መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል። እኛ በሁለተኛው «አይወድም» ብለን እናቆማለን። ትንሽ አቅርቡ፣ አታስገድዱ፣ ራሳችሁ እየበላችሁ አሳዩት፣ ደግማችሁ አቅርቡ።

እዚህ አካባቢ የሚቀርበው ሞልቷል። ቀረሶውን እሾሁን ለቅማችሁ፣ ወይም ፊሌቶ አስወጥታችሁ በትንሽ ዘይት ጠብሱለት። አምባዛ ለትንሽ ልጅ እሾሁ አያስቸግርም፤ ሥጋው ወፍራም ነው። የዓሣ ዋጋ እንደ ድሮው አይደለም፤ አውቃለሁ። በማይሆንበት ቀን የተቀቀለ እንቁላል፣ ድንች ቅቅል፣ አቮካዶ በዳቦ፣ እርጎ፣ ዱባ ወጥ አለ። ክረምት ላይ ከመንገድ ዳር የተጠበሰ የበቆሎ እሸት። የማንጎ ወቅት ሲደርስ ደግሞ መክሰስ ምን ይሁን ብሎ ማሰብ ራሱ ቅንጦት ነው። ቆሎና ሙሉ ለውዝ ብቻ ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ አትስጡ፤ ያንቃል። ፈጭታችሁ ገንፎው ላይ ጨምሩት።

ሕጋችን ምን ይላል?

የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ እውነተኛ እንዲሆን፣ እንዳያሳስት ይጠይቃል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል። ትዝ ይላችኋል፤ በዓል በመጣ ቁጥር ስክሪኑን ሞልተው የነበሩት ቢራዎች ጠፉ። ቦታውን ከያዙት መሀል ማልት አለ። ማልት አልኮል የለውም፤ ስኳር ግን አለው። በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ለስላሳ መጠጥና ስኳር ታክስ ከሚከፈልባቸው ዕቃዎች ውስጥ ናቸው።

አንድ ማስታወቂያ አሳሳች ከመሰላችሁ ስለ ምግቡ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣ ስለ ሥርጭቱ ለመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ማመልከት ይቻላል። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ጣቢያውን ጻፉ። በስልክ ቀርጻችሁ ከያዛችሁ የበለጠ ጥሩ።

የከለከሉ አገሮች ምን አተረፉ?

ኩቤክ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ማንኛውንም ማስታወቂያ ከልክላለች፤ ምግብ ብቻ አይደለም። ስዊድንም ከ1991 ጀምሮ ከ12 ዓመት በታች ላሉት በቴሌቪዥን ከልክላለች። ግን የስዊድኑ ቀዳዳ ነበረው። ከእንግሊዝ በሳተላይት የሚተላለፉ ጣቢያዎች በስዊድንኛ ማስታወቂያ ያስገቡ ነበር፤ ሕጉ አይደርስባቸውም። ዲሽ ላለበት ለእኛ ሰፈር ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ የሚወጣ ሕግ ከዱባይ የሚመጣውን ቸኮሌት አያቆመውም።

ቺሊ ራቅ ብላ ሄዳለች። እ.ኤ.አ. በ2016 ስኳር፣ ጨው ወይም ስብ የበዛበት እሽግ ላይ ጥቁር ምልክት እንዲለጠፍ አዘዘች፤ በትምህርት ቤት እንዳይሸጥ፣ ለልጆች እንዳይተዋወቅ ከለከለች። በ2018 ደግሞ እነዚህ ምግቦች ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በቴሌቪዥን እንዳይታዩ አደረገች። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ምልክት የተለጠፈባቸው መጠጦች ግዢ በ24 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ከዚህ ውስጥ የማስታወቂያው ድርሻ ስንት ነው የሚለውን ለይቶ ማውጣት ይከብዳል፤ ሁሉም አንድ ላይ ነው የመጣው። እኔ እንኳ ጥቁሩን ምልክት ነው የምቀናበት። ማንበብ ለማትችል አያትም ይገባል።

የትምህርት ቤታችን የወላጆች ቀን ስፖንሰር የለስላሳ ድርጅት ነው። ብቃወም አይከፋም?

አይከፋም፤ ግን አካሄድ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣቸው ምክረ ሐሳቦች ልጆች የሚሰበሰቡበት ቦታ፣ በተለይ ትምህርት ቤት፣ ከዚህ ዓይነት ማስታወቂያ ነፃ ይሁን ብሏል። በ2023 ባወጣው መመሪያ ደግሞ መንግሥታት አስገዳጅ ሕግ እንዲያወጡ መክሯል። ይህን ይዛችሁ ወደ ወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረቱ ሂዱ። ብቻችሁን አትሂዱ፤ ሁለት ሦስት ወላጅ ያዙ።

ዳይሬክተሩ «ድንኳኑንና ወንበሩን ማን ይከፍላል?» ማለቱ አይቀርም። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ በባዶ እጅ አትሂዱ። ድርጅቱ ውኃም የሚሸጥ ከሆነ ውኃውን ያምጣ፣ ባነሩ ላይ የውኃው ስም ይሁን። ብዙ ጊዜ እሺ ይላሉ።

አማቴ በመጡ ቁጥር ለልጄ ለስላሳና ብስኩት ይዘው ነው። ምን ልበላቸው?

ለአንዳንዶቻችሁ ከሕጉም ከቺሊም የከበደው ይሄ ነው። ባዶ እጅ መምጣት ነውር ነው፤ ለስላሳ ደግሞ ዛሬ የክብር ዕቃ ሆኗል። ለእንግዳ የሚከፈት፣ ለታመመ የሚወሰድ። ይህንንም ግማሹን ያስተማረን ያው ስክሪን ነው፤ እሳቸውን መውቀስ ግን ተገቢ አይደለም።

ልጅቷ ፊት አትናገሩ። እናንተም አትናገሩ፤ ልጃቸው ይናገር። ባልየው ለብቻቸው ቁጭ ብሎ «እማዬ፣ ጥርሷን እያመማት ነው፤ ያቺን ዳቦ ቆሎሽን ብታመጪላት» ቢላቸው ቅር አይላቸውም። ከገጠር የሚመጡ ከሆነ ደግሞ ሸንኮራው፣ እሸቱ፣ እርጎው እጃቸው ላይ ነው፤ የከተማ ልጅ ይንቀዋል ብለው ነው የተዉት። ለስላሳውን ይዘው ከመጡ ግን አትመልሱባቸው። ምሳ ላይ ለሁሉም በትንንሽ ብርጭቆ ቅዱት። የ300 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ ለአምስት ሰው ሲካፈል ለልጅቷ የሚደርሳት ስኳር ሁለት የሻይ ማንኪያ አይሞላም።